ሆዱ ውስጥ ሽቦ ያለበት ሽማግሌ

[ሶፋና ወንበር የሚታደስበት ጠባብ ክፍል። መሐሉ ላይ ቆዳው የተገፈፈ ትልቅ ባለመደገፊያ ወንበር ቆሟል። ግራና ቀኝ ሁለት ሰዎች መዶሻ ይዘው ይከራከራሉ። አንደኛው የቤቱ ባለቤት ነው፤ የማያውቀው ነገር ስለሌለ ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል። ሌላው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ነገር ቶሎ ስለማይገባው «ፈዜ» ነው የሚባለው።]

ሊቁ፦ ስፖንጅ ጨምር አልኩህ!

ፈዜ፦ ጨመርኩ እኮ ጋሼ።

ሊቁ፦ ገና ነው። ከፍ ይበል!

ፈዜ፦ ከዚህ በላይ ከፍ ካለ የሚቀመጥበት ሰው እግሩ መሬት አይነካም።

ሊቁ፦ አይንካ! የሚቀመጥበት ነቢይ ነው። ነቢይን መሬት ምን ያደርግለታል?

ፈዜ፦ እግር ከተንጠለጠለ ይደነዝዛላ። ሲነሳ ይወድቃል።

ሊቁ፦ እሱ አይወድቅም። እሱ ነው ሰው የሚጥለው።

ፈዜ፦ [ደንግጦ] ይማታል እንዴ?

ሊቁ፦ በመንፈስ ነው፣ አንተ! ግንባርህን በጣቱ ጫፍ ነካ ሲያደርግህ ዥው ብለህ ትሄዳለህ። እኔ ትናንት ራሴ ወድቄያለሁ።

ፈዜ፦ ያ ጉልበትህ ነዋ። ባለፈውም ከታክሲ ስትወርድ ወድቀሃል፤ ያን ቀን ማንም አልነካህም።

ሊቁ፦ ጉልበቴ ድኗል!

ፈዜ፦ ታዲያ ጠዋት ለምን ስታነክስ ነበር?

ሊቁ፦ ልማድ ነው። ጉልበቱ ድኗል፤ እኔ ነኝ ገና ያልለመድኩት።

ፈዜ፦ እሺ ነቢይ መሆኑን ማን ነገረህ?

ሊቁ፦ ራሱ።

ፈዜ፦ አሃ።

ሊቁ፦ ምን አሃ ትላለህ? በሕልሙ ተሹሞ ነው! «የሰማይ ቁልፍ ያዥ» ተብሎ።

ፈዜ፦ ሲሾም ማን አየ?

ሊቁ፦ የሰውን ሕልም ማን እንዲያይለት ነው የፈለግከው? እሱ ነዋ ያየው!

ፈዜ፦ እኔም ባለፈው በሕልሜ ፓይለት ነበርኩ።

ሊቁ፦ እና?

ፈዜ፦ እናማ ነቃሁ።

ሊቁ፦ [መዶሻውን ወንበሩ ላይ ጥሎ] አይ የኔ ነገር! ጭንቅላትህ ውስጥም ስፖንጅ ነው ያለው። ስማኝ እስቲ፤ ይሄ ሰው ተራ ሰው አይደለም። ትናንት ፊቱ ቆሜ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣ ሁሉም ነገር ተገለጠለት።

ፈዜ፦ ውይ! ታዲያ ብርድ አልመታውም?

ሊቁ፦ ልብሱ አይደለም የተገለጠው! ምስጢር ነው! የኔ ምስጢር! ከዚያ በኋላ እጁን ጭኖ ቀባኝ።

ፈዜ፦ ቆይ፣ ኮትህ ትከሻ ላይ የነበረው እሱ ነው?

ሊቁ፦ አዎ፣ ቅባቱ ነው።

ፈዜ፦ እኔ ደግሞ ቫርኒሽ መስሎኝ ጠዋት በቤንዚን ጠረግኩት።

ሊቁ፦ ቅባቴን?! በቤንዚን?!

ፈዜ፦ ኮቱማ ጸድቷል።

ሊቁ፦ [ወደ ላይ አንጋጦ] ይቅር በለው፣ የሚያደርገውን አያውቅም... ለመሆኑ ምን እንዳለኝ ላንተ ብነግርህስ ይገባሃል? «ጉልበትህን ያምሃል» አለኝ። ልክ! «ከወንድምህ ጋር በአጥር ተጣልተሃል» አለኝ። ልክ! «ቤትህ ውስጥ ነጭ ክኒን የምትውጥ ሴት አለች» አለኝ። እዚህ ላይ እንግዲህ ወደቅኩ።

ፈዜ፦ እታለም ናት።

ሊቁ፦ እህትህ ናታ! ሌላ ሴት አለችኝ? «ደሟን ከፍ የሚያደርገው ያ ክኒን ነው፤ ከቤትህ አውጣው፣ እኔ በጸሎት አወርደዋለሁ» አለኝ።

[ፈዜ መዶሻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ ያስቀምጣል።]

ፈዜ፦ እና አወጣኸው?

ሊቁ፦ ማታውኑ! ከቁም ሳጥኑ አንስቼ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው። ዛሬ ወንበሩን ስናደርስ በሕዝብ ፊት ይቃጠላል።

ፈዜ፦ እታለም ምን አለች?

ሊቁ፦ ምንም። ስነግራት ዝም ብላ አየችኝ። ጠዋትም ቁርስ አላቀረበችልኝ፣ ደህና ዋልም አላለችኝ፣ በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች። ያ ክፉ መንፈስ እየለቀቃት ነው።

ፈዜ፦ ጋሼ፣ ያ መንፈስ አይደለም። ኩርፊያ ነው።

ሊቁ፦ አንተ ስለ መንፈስ ምን ታውቃለህ?

ፈዜ፦ ስለ መንፈስ አላውቅም። ስለ እታለም ግን አውቃለሁ። ያኔ መድኃኒቱን «ተሽሎኛል» ብላ የተወችው ጊዜ ደረጃው ላይ ወድቃ በጀርባዬ አዝዬ ሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ። አንተ ያን ዕለት ገበያ ነበርክ። አፏ ወደ አንድ ጎን ዞሮ «አይዞህ» ልትለኝ ስትሞክር ቃሉ አልወጣላትም። እኔን ልታጽናና እኮ ነው! ክኒኑን ስጠኝ።

ሊቁ፦ አልሰጥም።

ፈዜ፦ ስጠኝ ጋሼ። አለዚያ ይሄን ወንበር አልጨርስም።

ሊቁ፦ አይ የዛሬ ጉድ! ፈዜ ሊያምፅብኝ! አንተን ብሎ የነቢይ መርማሪ! ለመሆኑ ፊቱን አይተኸው ታውቃለህ?

ፈዜ፦ ሰኞ ወንበሩን እንዳመጣ ልከኸኝ የለ? አናግሮኛል።

ሊቁ፦ [ዐይኑ በርቶ] አናገረህ? ትንቢት ተናገረልህ?

ፈዜ፦ ኧረ እኛ ስለ ሥራ ብቻ ነው ያወራነው።

ሊቁ፦ ስለ ምን ሥራ?

ፈዜ፦ ስለ ወንበሩ። ዘበኛው ማንም ሳይገባ ወንበሩን ገልብጬ እንዳይ ፈቀደልኝ፤ ቆይቶ አዳራሹ ጢም አለ። ከዚያ «ስብሰባው እስኪያልቅ ተራህን ያዝ» ብሎ ከሰዎች ጋር አስቀመጠኝ። ነቢዩ መጥቶ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። አንዲት አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገች ሴትዮ ውሃ እያደለች መጣች።

ሊቁ፦ አውቃታለሁ! ደግ ሴት! እንደሷ ሰው የሚያዳምጥ አላየሁም።

ፈዜ፦ አዎ ታዳምጣለች። «ስለ ማን ጉዳይ ነው የመጣኸው ወንድሜ?» አለችኝ። «ስለ ትልቁ» አልኳት። «ምን ሆነ?» አለች። ያየሁትን ነገርኳት። «አርጅቷል። ጀርባው ላልቷል፣ አንድ እግሩ ሊወልቅ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ሽቦ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲቀመጥበት ኖሮ ምን ይሁን?» አልኳት።

ሊቁ፦ ምን አለች?

ፈዜ፦ አለቀሰች።

ሊቁ፦ ለወንበር?

ፈዜ፦ እኔም ገርሞኛል። ዕቃ የምትወድ ሴት ናት ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ሄዳ ለነቢዩ በጆሮው አንሾካሸከችለት። «ሠራተኛው መጣ» እያለችው ነው ብዬ ተነስቼ ቆምኩ።

ሊቁ፦ እሺ?

ፈዜ፦ ነቢዩ ዐይኑን ጨፈነና በጣቱ ወደኔ ጠቆመ። «አንድ ሽማግሌ ይታየኛል!» አለ።

ሊቁ፦ [በደስታ] ይኸው! ይኸውልህ!

ፈዜ፦ «ጀርባው ላልቷል!» አለ። «ልክ ነው ጌታዬ» አልኩ። «አንድ እግሩ ሊወልቅ ነው!» አለ። «አዎ፣ የኋላው ግራ» አልኩ። «ሆዱ ውስጥ ሽቦ አለ! ዘመኑን ሁሉ ሰው ተቀምጦበታል!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እኔ ትእዛዙን እየደገመልኝ ነው የመሰለኝ። ጥሩ ደንበኛ ይደግማል፤ አንተ ራስህ አስተምረኸኛል።

ሊቁ፦ [ፈገግታው እየጠፋ] ቆይ... ቆይ እስቲ...

ፈዜ፦ «አትቅበሩት! ይነሳል!» አለኝ። «ኧረ ለምን እንቀብረዋለን?» አልኩት። «ቆዳውን እንገፍፍና፣ ሆዱን ቀደን ሽቦውን እናወጣለን። መልሰን ሰፍተን አዲስ ጥቁር ቆዳ እናለብሰዋለን። እግሩን በሙጫና በምስማር እናጠብቀዋለን።» ከኋላዬ አንድ ሰው ራሱን ስቶ ወደቀ።

ሊቁ፦ አንተ! ሕዝብ ፊት እንዲህ አልክ?

ፈዜ፦ ታዲያ የምንሠራውን አልንገረው? ከዚያ ነቢዩ «ይህ ሽማግሌ ያንተ ነው!» አለኝ። እዚህ ላይ ደነገጥኩ፤ ወንበሩን ለኛ ጥሎልን ሊሄድ መሰለኝ። «ኧረ የርስዎ ነው!» አልኩ። «የኔ?» አለኝ። «የርስዎ ነዋ! አሁን እንኳ እላዩ ላይ ተቀምጠውበት የለ?»

ሊቁ፦ [ራሱን ይዞ] ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!

ፈዜ፦ ሰውዬው ፊቱ አመድ መሰለ። «ውሃ... ውሃ» አለ። «የዛሬው በቃ» ብለው ስብሰባውን በተኑት። ባለሻርፗ ሴትዮ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ጎተተችኝ። «ስለ አባቱ ማን ነገረህ?» አለችኝ።

ሊቁ፦ የማን አባት?

ፈዜ፦ እኔም እንደሱ ነው ያልኳት። «የነቢዩ አባት ነዋ! ነቢዩ ቤቱን አሽጦ ያባረረውን ሽማግሌ ማን አሳየህ? እኛ ሦስት ሰዎች ብቻ ነን የምናውቀው!» አለችኝ። «እትዬ፣ እኔ ስለ ምንም ሽማግሌ አላውቅም፣ የመጣሁት ለወንበሩ ነው» አልኳት። የውሃውን ጆግ እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች።

[ሊቁ ቆዳ በሌለው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሽቦው ይጮኻል።]

ሊቁ፦ ውሃ የሰጠችህ... ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያላት ናት?

ፈዜ፦ እሷው ናት።

ሊቁ፦ እኔም ጎን ተቀምጣ ነበር። «ደክሞሃል ወንድሜ» አለችኝ። ደክሞኝ ነበራ። ታዲያ እኔ ምንም አልነገርኳትም! ምንም! እንዲያው ጉልበቴን ሳሽ «ምነው?» ስትለኝ... ስለ ጉልበቴ ብቻ ነው።

ፈዜ፦ ስለ ጉልበትህ ብቻ።

ሊቁ፦ ከጉልበቱ ተነስተን ደግሞ የወንድሜ አጥር መጣ። አጥሩን ስዘል ነዋ ጉልበቴን የተጎዳሁት።

ፈዜ፦ አጥሩም።

ሊቁ፦ «ባለቤትህስ ምን አለች?» አለችኝ። እሷ ደሟ ከፍ ይልባታል፣ አላናድዳትም፣ ክኒን ነው የምትውጠው አልኳት። [ድምፁ እየሰለለ] ክኒኑ ነጭ ነው ወይ ስትለኝ... ነጭ ነው አልኳት።

ፈዜ፦ [በትዕግሥት] ሌላስ?

ሊቁ፦ ሌላማ ምን ቀረኝ! እንግዲህ ምን እንደምበላ ነው ያልነገርኳት! [ብድግ ብሎ] እኔ ነቢዩ ፊት የወደቅኩት የራሴን ወሬ ሰምቼ ነው!

ፈዜ፦ እና ትንቢት አልነበረም?

ሊቁ፦ እስካሁን አልገባህም?

ፈዜ፦ እኔማ ወንበሩን ነው ያልኩህ።

ሊቁ፦ [ኪሱን እየዳበሰ] ሚስቴ! ማታ አልወሰደችም፣ ጠዋትም አልወሰደችም! ስልኬ የት አለ?

ፈዜ፦ እጅህ ላይ ነው።

ሊቁ፦ [ይደውላል] አታነሳም። ፈዜ፣ አታነሳም!

ፈዜ፦ ድገም።

ሊቁ፦ [ደግሞ ይደውላል] አንሺ እንጂ የኔ እመቤት... አንሺ... ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ! ሐኪሙ ፊት ተቀምጬ «እኔ ራሴ ሰዓቱን እጠብቅላታለሁ» ያልኩ ሰው! ጠባቂ ሆኜ ሰረቅኳት!

ፈዜ፦ [ኮቱን እያነሳ] እኔ በእግሬ ልሩጥ፤ አንተ መደወል አታቁም።

ሊቁ፦ ቆይ! አነሳች! ሃሎ! ደህና ነሽ? አያዞርሽም? ቁጭ በይ፣ እንዳትቆሚ! መድኃኒትሽን ይዤ እየመጣሁ ነው። ... ምን? ... የት ነሽ? ... [ትከሻው ዝቅ ይላል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል] ... እሺ። ... አዎ። ... ልክ ነሽ። ... እሱንም ልክ ነሽ።

ፈዜ፦ ምን ሆነች? ንገረኝ እንጂ!

ሊቁ፦ [ስልኩን በእጁ ሸፍኖ] ፋርማሲ ናት። ማታ እኔ ክኒኑን ይዤ ስተኛ፣ እሷ ጎረቤታችን ካለችው ነርስ ክኒን ተበድራ ውጣለች። ዛሬ ደግሞ አዲስ ገዝታለች።

ፈዜ፦ [ግድግዳው ላይ ተደግፎ] ተመስገን! ተመስገን!

ሊቁ፦ [ስልኩ ውስጥ] ታዲያ ሰውዬው አጭበርባሪ መሆኑን ካወቅሽ ለምን ማታ አልነገርሽኝም? ... [ያዳምጣል፤ ቀስ ብሎ ስልኩን ይዘጋል።]

ፈዜ፦ ምን አለች?

ሊቁ፦ «አንተ የማታውቀው ነገር አለ እንዴ?» አለችኝ።

ፈዜ፦ [አስቦ፣ አስቦ] እኔም የመሰለኝ እንደሱ ነበር።