ባንኩ የሚባል ሰንጋ

እኔ የምለው፣ ሰው አበዳሪ ሲያማርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ጨርቅ ሲመረጥ፣ ሚስት ስትመረጥ፣ ዶሮ ክንፏ እየተገለበጠ ስትመረጥ እያየ ኖሮ ኖሮ፣ ብድር ሲመረጥ ያየ ሰው ግን መደንገጡ አይቀርም። ድሮ እኛ ዘንድ አበዳሪ እንጂ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ገንዘብ ያለው አንድ ሰው ነው። ቸግሮህ በሩ ላይ ትቆማለህ፤ ደስ ካለው ይሰጥሃል። መኸር ሲደርስ ታዲያ አውድማህ ላይ ቀድሞህ ይገኛል። ማሽላህን የሚሰፍረው ቁናውን እየነቀነቀ ነው። አንተ ቆመህ ታያለህ።

ኋላ ቆቦ ላይ አነስተኛ ብድር የሚሰጡ ቤቶች ተከፈቱ። የግል ናቸው ተባለ። የምናበድረው ለድሃ ገበሬ ነው አሉ። እኛም ግራ ገባን፤ ለድሃ ማበደር ደግሞ ምን የሚሉት ንግድ ነው?

ያኔ ሬዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። ሱቄ ዋናው መንገድ ዳር ነበረች። የእኔ ነገር ሆኖ አንደኛው አበዳሪ ከሱቄ ከፍ ብሎ፣ ሁለተኛው ከሱቄ ዝቅ ብሎ ቢሮ ተከራዩ። ሁለቱም ትንፋሽ የሚያሳጥር ስም ነበራቸው፤ ማን ይይዘዋል? ሰዉ «ላይኛው ቤት» እና «ታችኛው ቤት» ብሎ ገላገላቸው። ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚሄድ ገበሬ ሁሉ መሃል ላይ እኔ ጥላ ስር ያርፋል። ያረፈ ሰው ደግሞ ዝም አይልም። የፈታሁትን ሬዲዮ መልሼ ሳልገጥም የብድር ሊቅ ሆኜ ቁጭ አልኩላችሁ።

ልዩነታቸው ምን መሰላችሁ? ላይኛው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይቀበላል። ታችኛው ዝም ብሎ ይቆይና መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ አምጡ ይላል። ላይኛው ወለድ የሚለውን ቃል አይወደውም፤ የአገልግሎት ክፍያ ነው የሚለው። ወለድ ሐራም ነው ለሚሉት ሙስሊሞች ብሎ ነው አሉ። ታችኛው ፊት ለፊት ወለድ ይላል። ደምራችሁ ስታዩት የምትከፍሉት ያው ነው። አንድ የዋጃ ሽማግሌ የሁለቱንም ነገር እስኪበቃቸው ካዳመጡ በኋላ «በል ልጄ፣ ላይኛው ሲወስድብኝ እንኳ በክብር ነው» ብለውኝ ሽቅብ ሄዱ።

በአንድ ነገር ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ንብረት አያሲዙም፤ የሚያሲዙት ሰው ነው። አምስት ሆናችሁ ትመጣላችሁ፣ እርስ በርስ ዋስ ትሆናላችሁ። አንዷ ካልከፈለች አራቱ ይከፍላሉ። አምስቱም ካልከፈሉ ደግሞ የብድር ሠራተኛው የሚሸጥ ከብት ፍለጋ በየበረቱ ይዞራል።

እታገኝ የምትባል ታላቅ እህት አለችኝ። ሮቢት አጠገብ ነው የምትኖረው፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያላት አንድ የእርሻ በሬ ነው፣ ዳልቻ ይባላል። ዳልቻ ደግሞ ብቻውን አያርስ። ሰይድ ከሚባል ጎረቤቷ በሬ ጋር መቀናጆ ነው፤ አንድ ቀን የእሷ መሬት፣ አንድ ቀን የእሱ። ዳልቻ ከሌለ መሬቷ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ እኩል ተሰጠ ማለት ልጆቿ ከዓመቱ ግማሹን ጾማቸውን ያድራሉ ማለት ነው። ስለዚህ ይቺ ሴት በዓለም ላይ የምትሳሳለት ነገር ቢኖር ዳልቻ ነው። ከእኔም በላይ። አውቃለሁ፣ አልቀየማትም።

አንድ የገበያ ቀን መጣችና ከየትኛው ልበደር አለችኝ። ሥራዬን አስቀምጬ ረፋዱን ሙሉ አስረዳኋት። በየወሩ መክፈል እንዴት እንደሆነ፣ በአንዴ መክፈል እንዴት እንደሆነ፣ ምኑ ቅጡ። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ሁለቱንም ቤት ራሷ ገብታ አየችና ተመለሰች። ታችኛው ይሻላል አለች። ለምን ብላት፣

«ስገባ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለኝ። የላይኛው ቁጭ እንዳለ ‹ምን ነበር እናት› አለኝ። የማን እናት ነኝ እኔ?»

በቃ። የኔ ረፋድ ገደል ገባ።

አራት ሴቶች ጨምራ ቡድን አቋቋመች። አምስቱም የአንድ አጥቢያ ሰዎች ናቸው፤ በማርያም ማኅበር አብረው ጽዋ የሚጠጡ። ሰሎሞን ይባላል ያ ተነስቶ የሚቀበለው ሠራተኛ፤ በብሩ ምን ልትሠሩ ነው ሲላቸው አንዷ ሰንጋ አለች። ሁለተኛዋም ሰንጋ። አምስቱም ሰንጋ! ዕቅዱ ሸጋ ነበር። መስቀል እንዳለፈ በሬ መግዛት፣ ማድለብ፣ ለገናና ለጥምቀት መሸጥ፣ መክፈል። ግን ከብሩ በፊት ስልጠና አለ ተባለ። ስልጠናው ሌላ ስልጠና ወለደ። ብሩ ኅዳር ሲጋመስ ወጣ፤ መክፈያው ቀንም አብሮት ወደፊት ሸሸ። ሴቶቹ ብር ማየታቸው አስደስቷቸው በጣታቸው ፈረሙና ወጡ።

እታገኝ አንድ የከሳ ቀይ በሬ ገዛች። ስሙን ባንኩ አለችው። አገዳውን እየከተፈች፣ ፉርሽካውን በጨው እያሸች ታበላው ጀመር። ልጠይቃት ብቅ ስል ስለ ልጆቿ ጤና ጠይቄ ስለ ባንኩ ጤና ነበር የምትመልስልኝ። ባንኩ ዛሬ ጠግቧል። ባንኩ ትናንት አስሎት ነበር። ለገና አልደረሰም። ለጥምቀትም ጎኑ ገና ነበር። ለቅበላ እሸጠዋለሁ አለች።

የቅበላ ገበያ ዕለት የቆቦ የከብት ተራ ጉድ አየ። ያ ሁሉ የታችኛው ቤት ተበዳሪ ሰንጋውን እየጎተተ መጣ። ሰንጋ በሰንጋ! ገዢው ጥቂት ሥጋ ቤት ነው፤ እነሱም ይህን አይተው ዋጋውን መሬት አወረዱት። ለእታገኝ የጠሩላት ዋጋ ከገዛችበትም አይደርስ። ባንኩን ይዛ ስትመለስ በሱቄ በኩል አለፈች። ከስታ ነበር፤ እሱ ነው የወፈረው።

በማግስቱ ሁዳዴ ገባ። እንግዲህ በሁዳዴ ሰንጋ ለማን ይሸጣል? ያን ጊዜ ነው አምስቱም የመክፈያውን ቀን በጣታቸው ቆጥረው ቀጥ ያሉት። ፋሲካ ሩቅ ነው። ቀኑ የሚውለው ጾሙ መሃል ላይ ነው! የአዋጅ ጾም አንድም ቀን የማይሽሩ፣ ረቡዕና ዓርብን ከእንቅልፋቸው ተቀስቅሰው የሚያውቁ አምስት ሴቶች፣ ለሥጋ ብድር በጾም ቀጠሮ ሰጥተዋል። ወደ ሰሎሞን ሄዱ። ተነስቶ ተቀበላቸው፣ ወንበር ሰጣቸው፣ ቀን ግን መጨመር አልችልም፣ ከበላይ ነው አላቸው። በረት ውስጥ ሌላ ምን አላችሁ ብሎም ጠየቀ። እታገኝ ዳልቻን አሰበችና መልስ ሳትሰጠው ወጣች።

እሁድ ላጽናናት ሄድኩ። ምን ብዬ እንደማጽናናት ግን አላውቅም ነበር። ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆኗል። ባንኩ ደጅ ላይ እንደ ጌታ ተንጣልሎ ያመሰኳል፤ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ታነባለች። ደግሞ አልሳደብ፣ በሬው ምን አጠፋ? ይህን ስል ሰይድ መጣ። የእርሻ ተራ ሊነጋገር ነበር የመጣው። ዳልቻን ልሸጠው ነው ስትለው የቆመበት ደረቀ። ዳልቻ ተሸጠ ማለት የሱም በሬ ከሥራ ወጣ ማለት ነው።

«ኸረ በአላህ! ይኸ ተራራ የሚያህል ሰንጋ ቁሞ ዳልቻን?»

በሁዳዴ ማን ይገዛኛል አለችው።

«አንች ሴት፣ አረፋ እኮ ደረሰ!»

እኔ እሷን አየሁ፣ እሷ እኔን። በዓል አይደለም እንዴ አረፋ? ሙስሊሙ ሁሉ የሚያርድበት ቀን አይደለም እንዴ? በዓሉ በየዓመቱ ይዞራል፣ በዚያ ዓመት ዞሮ ዞሮ ሁዳዴ መሃል ገብቷል፤ እኛ ጾማችንን ስንቆጥር የጎረቤታችንን በዓል ረስተናል። ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ። ከደረቴ ላይ ድንጋይ ያነሱልኝ ያህል እፎይ አልኩ።

ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርከኝም ብላ ጮኸችበት። ሰይድ አፈረ። ባንኩን ከቅበላ ገበያ ስትመልሰው አይቷል። ለፋሲካ ያሰበችው መስሎታል። እሱና ጓደኞቹ ለሰባት ሊካፈሉት በልባቸው ተመኝተውት ነበር፤ ግን ጾም የያዘች ሴት ደጅ ሄዶ የፋሲካሽን ሰንጋ ሽጭልኝ ማለት ነውር ሆኖበት ዝም አለ። እሷ እያለቀሰች፣ እሱ እየተመኘ፣ በመሃላቸው ያለው አጥር የቁልቋል ነው!

«አብሽሪ በቃ» አላትና ጓደኞቹን ሊጠራ ሮጠ።

ሰባቱም መጡ። ለአረፋ የሚታረድ ከብት እንከን አይኖረውም። ዐይኑን አዩ፣ ጆሮውን ገለጡ፣ ጥርሱን ቆጠሩ፣ አራመዱት፣ አዞሩት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ላይኛውም ታችኛውም ቤት ተበዳሪን እንዲህ አድርጎ መርምሮ አያውቅም። ባንኩ አለፈ። ከዚያ ወደ ዋጋ ተገባ፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

እታገኝ የጠራችው ዋጋ ርካሽ ነበር። ሰይድ አይሆንም፣ ጨምሪ አላት። ዳልቻን ላተረፈልኝ ጎረቤት አልጨምርም፣ እንዲያውም እቀንሳለሁ አለች። ቀነሰች! ሰይድ ተቆጣ።

«ለአላህ ብለን የምናርደውን ከቸገራት ሴት እጅ በርካሽ ነጥቀን? ያ ረቢ! ጨምሪ ብያለሁ!»

ሻጭ ዝቅ፣ ገዢ ከፍ። አብሯቸው የመጣው ደላላ ሕይወቱን ሙሉ ገዢን ወደ ላይ፣ ሻጭን ወደ ታች ሲጎትት የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ማንን ወዴት እንደሚጎትት ጠፋው። እጃቸውን ይዞ ሊያማታ ሲል ሁለቱም እጃቸውን ይነጥቁታል። በመጨረሻ እባካችሁ ገበያ ስሙ እንዳይጠፋ ብሎ ለመናቸውና መሃል ላይ ተገናኙ። የአራቱን ሴቶች ሰንጋም ሰይድ ይዞ ዋጃ ወረደ፤ እዚያ ለበዓሉ የሚሸምቱ ነጋዴዎች ተሻምተው ገዙለት።

አምስቱም በቀኑ ከፈሉ። እታገኝ ከቢሮው ወጥታ በሱቄ ስታልፍ ፊቷ በርቶ ነበር። ዳልቻ በበረቱ፣ ልጆቹ በማሽላቸው። እኔም ያን ቀን ሬዲዮ በነፃ ጠገንኩ፤ ለማን እንደሆነ እንኳ አላስታውስም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ታችኛው ቤት ግን ተደነቀ። በጾም መሃል እንዲህ የከፈለ ቡድን አይተን አናውቅም ብለው ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች በመኪና መጡ። ሴቶቹን ሰብስበው ምስጢሩን ጠየቁ። እታገኝ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። አረፋ ነው፣ ሰይድ ነው፣ የሰባቱ ሰዎች ነገር ነው አለቻቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፤ ፎቶ አነሱ፣ ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ትእዛዝ መጣ። ተበዳሪ በጾም ወራት ለምግብ የሚያወጣው ስለሚያንስ ዕዳውን በቀላሉ ይከፍላል፤ ስለዚህ ከእንግዲህ የሁሉም ቡድን መክፈያ በሁዳዴ አጋማሽ ይሁን!

ሰማችሁልኝ? አረፋ እኮ የሚቆም በዓል አይደለም። በሚመጣው ዓመት ቀድሞ ይውላል፣ በተከታዩ ደግሞ ይበልጥ ቀድሞ፤ ታዲያ በሁዳዴ አጋማሽ ያን ሁሉ ሰንጋ ማን ይገዛዋል? ደንግጬ ሮቢት ሄድኩና እታገኝን ምን ልትሆኝ ነው አልኳት። አዲስ የገዛችውን በሬ አገዳ እያበላች ነበር። ሰይድ የአረፋን ቀን አስቀድሞ እንደነገራትና ከሁዳዴ በፊት ሸጣ ብሯን እንደምታስቀምጥ በእርጋታ አስረዳችኝ። ስለሷ እንዳልጨነቅም ነገረችኝ።

«እኔስ አራት ዋስ አለኝ፣ ሰይድም ጎረቤቴ ነው። የሚያሳዝነኝ ታችኛው ቤት ነው። ለሱ ማን ዋስ ይሆናል?»