ለእንግዳ የተቀመጠ ኩሬ

ዕቃ የሚገዛው ሊጠቀምበት ሳይሆን ሊጠብቀው የሚመስል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ እንጅባራ አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ጋሼ ፈንታሁን እንዲያ ናቸው። በቅርቡ ለሁለት ዳክዬዎቻቸው ጓሯቸው ውስጥ ትንሽ ኩሬ ሠሩ። ሙያቸውን መካድ ነውር ነው። ውስጡ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ከሥሩም ቱቦ አለው። ውታፉ ሲነቀል የቆሸሸው ውሃ በቀጥታ ወደ ጎመኑ መደብ ይወርዳል። ለማጽዳት ከዚህ የቀለለ ኩሬ ከየት ይገኛል?

ዳክዬዎቹ ገና እግራቸውን ሳያስገቡ ግን ጋሼ ዙሪያውን በቀርከሃ አጠሩት።

«ምነው ጋሼ፣ ሊዋኙበት አልነበረም እንዴ የሠሩት?» አልኳቸው።

«ያቆሽሹታላ። እንግዳ ሲመጣ ይገባሉ።»

ዳክዬዎቹ እንግዳ እስኪመጣ አልጠበቁም። በራችን ላይ ባጃጆች የቆፈሩትን ጉድጓድ ዝናብ ሞልቶት ስለነበር፣ እዚያ ጭቃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ዋሉ።

በጋሼ እየሳቅኩ ቤቴ ገባሁ። ደክሞኝ ስለነበር ሶፋው ላይ ልቀመጥ ስል ባለቤቴ «ተው እንጂ፣ የእንግዳ ነው» ብላ በርጩማ አቀረበችልኝ።

በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ በመስኮት ወደ ጉድጓዱ አየሁ። በዳክዬዎቹ ቀናሁ።