ሁለት የአየር ትርኢት፣ አንድ ቅዳሜ

ጦርነት ለማወጅ ለመንግሥታት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃቸዋል። የሃርልቶርፕ ከተማ የጥንታዊ የጦር አውሮፕላኖች ወዳጆች ማኅበር ግን ችኩል ባለመሆኑ፣ በዚያ ጦርነት የተዋጉትን አውሮፕላኖች የት ሄዶ እንደሚመለከት ለመወሰን አሥራ አንድ ሳምንት ወስዷል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ማኅበሩ ከተመሠረተ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አፍሶም ለቅሞም አያውቅም።

አባላቱ አራት ናቸው። ሊቀ መንበሩ ሌናርድ ትዌይት በወረዳው የመንገድ ምልክት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በእሱ ዘመን ያለ ሦስት ፊርማ አንድም ምልክት አልተተከለም፤ «ቀስ በል» የሚለው ምልክት ደግሞ አራት ፊርማ ይጠይቅ ነበር። ጸሐፊው በርናርድ ፓስክ ዕድሜ ልኩን ፒያኖ ሲቃኝ የኖረ፣ ከጎረቤት የሚመጣ የሣር ማጨጃ ድምፅ እንኳ ከቅኝት ከወጣ ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ነው። የቀሩት ሁለቱ ሲረልና ሜቪስ ተፕሊን ባልና ሚስት ናቸው። በአርባ አራት ዓመት ትዳራቸው አንድ ቀን እንኳ ለአንድ ሐሳብ አብረው እጅ አውጥተው ስለማያውቁ፣ የማኅበሩን ዲሞክራሲያዊነት የሚያስከብሩት እነሱ ናቸው።

በርናርድ በነሐሴ መጨረሻ ቤቱን ሸጦ ኮርንዎል ወደምትኖረው ልጁ ሊሄድ ነበር። ከሃርልቶርፕ ኮርንዎል በመኪና ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ በሰባ አራት ዓመት ዕድሜ ደግሞ ሙሉ ቀን የሚነዳ ሰው የለም። ሌናርድና በርናርድ ሃያ ሁለት በጋ አብረው ሰማይ ሲያዩ ኖረዋልና፣ የዘንድሮው ትርኢት የመጨረሻቸው መሆኑን አራቱም አሳምረው ያውቁ ነበር። ጉዳዩ በአጀንዳ ስላልተያዘ ግን ማንም አላነሳውም።

በአጀንዳ የተያዘው የሚከተለው ነው። በሐምሌ ሁለተኛው ቅዳሜ ሁለት ትርኢቶች በአንድ ላይ ዋሉ። አንዱ በባሕሩ ዳር በሳልትሃቨን የሚደረገው ትልቁ ሲሆን ስፒትፋየር የተባለው ዝነኛ ተዋጊ አውሮፕላን ይበርበታል። ሌላው በፔንቶፍት፣ በአንድ ገበሬ የሣር ሜዳ ላይ የሚደረግ ትንሽ ትርኢት ነው። ጤነኛ ሰው ሳልትሃቨን ብሎ ወስኖ የስብሰባውን ቢስኩት ይበላ ነበር። ሌናርድም ሊል ነበር፤ ነገር ግን አንድ መጽሔት አነበበ። መጽሔቱ እንደሚለው የሳልትሃቨኑ ስፒትፋየር ከረግረግ ውስጥ ተቆፍሮ ሲወጣ የተረፈው አውራ ጣት የምታህል የስም ሰሌዳ ብቻ ነበረች፤ የቀረው ሁሉ ከስምንት ዓመት በፊት በሰሌዳዋ ዙሪያ እንደ አዲስ የተሠራ ነው።

ማክሰኞ ማታ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሌናርድ መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ጉባኤውን ጠየቀ።

«ታዲያ ይሄ ስፒትፋየር ነው ወይስ የስፒትፋየር መታወቂያ የያዘ አዲስ ዕቃ?»

«ይበራል» አለ በርናርድ።

«የጠየቅኩህ እሱን አይደለም።»

«እኔ የመለስኩልህ ግን እሱን ነው።»

አስተዋይ መሪ ተቃውሞ ሲገጥመው ሰነድ ያዘጋጃል። ሌናርድ በሁለት ሳምንት ውስጥ «የጥንታዊነት ደረጃ መወሰኛ ረቂቅ መመሪያ» የተሰኘ፣ አሥራ ዘጠኝ ገጽና ሁለት አባሪ ያለው ሥራ ይዞ ቀረበ። በአንቀጽ ስድስት መሠረት አባላት የሚሄዱት ከግማሽ በላይ አካሉ ኦሪጅናል የሆነ አውሮፕላን ወዳለበት ብቻ ነው። ከዚያም ለሁለቱም ሜዳዎች «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤ አውሮፕላናችሁ ስንት በመቶው ኦሪጅናል ነው ብሎ። ከሳልትሃቨን የመጣው መልስ ስለ መኪና ማቆሚያ የሚያብራራ የታተመ ወረቀት ነበር። ከፔንቶፍት ግን ጆስሊን የምትባል መካኒክ በእጇ ጽፋ መለሰች። ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ የሥልጠና አውሮፕላናቸው እ.ኤ.አ. በ1938 ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ብሎን አልተቀየረለትም፣ የወንበሩ ቆዳ እንኳ ያው ነው፤ ካላመኑ መጥተው ይቁጠሩ። ከታች ደግሞ ስለ መብረሩ ቃል አልገባም ብላ አክላ ነበር። ሌናርድ ይህን የመጨረሻ መስመር ከቀረበው ጥያቄ ጋር የማይገናኝ ሆኖ ስላገኘው ለጉባኤው ሳያነብ አለፈው።

ድምፅ ሲሰጥ ሲረል ከበርናርድ ጋር ቆመ፤ ስለዚህም ሜቪስ ከሌናርድ ጋር። ሁለት ለሁለት። ደንቡ ድምፅ እኩል ሲሆን ሊቀ መንበሩ ይወስናል ይላል። ሌናርድ ደንቡን የጻፈው ራሱ ነበርና ደንቡን አከበረ፤ ፔንቶፍት አለ።

በርናርድ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍርልኝ» አለ፣ ጸሐፊው ራሱ መሆኑን ረስቶ።

«ምን ብዬ?»

«በርናርድ ፓስክ የሚበር ነገር ማየት ይወዳል ብለህ። ቅዳሜ ሳልትሃቨን ነኝ። የፈለገ ይምጣ፤ ያልፈለገ ብረት ይቁጠር።»

ሌናርድ እርሳሱን አንስቶ ቃል በቃል ጻፈው። የጻፈውም በትክክለኛው መስመር ላይ ነበር።

ቤቱ ሲገባ ነገሩን ለሚስቱ ለዶሪን አጫወታት። ዶሪን የማኅበሩ አባል አይደለችም፤ በየዓመቱ ሳንዱቹን ታሰናዳለች፣ ከዚያ መኪና ውስጥ ሆና የጋዜጣውን የቃላት እንቆቅልሽ ትሞላለች። ሰማችውና ለበርናርድ ደውልለት አለችው። ሌናርድ ደንቡ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይፈቅድ፣ ሊቀ መንበር ከውሳኔ በኋላ ቢለማመጥ የማኅበሩ ክብር ምን እንደሚሆን አስረዳት።

«ደንቡ ኮርንዎል አይሄድም» አለች ዶሪን። «የሚሄደው በርናርድ ነው።»

ሌናርድ ስልኩን ሁለቴ አነሳው። ሁለቴም «ቀደም ሲል በተደረገው ውይይት መሠረት» ከሚለው ሌላ መግቢያ አልመጣለት ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ሲረልና ሜቪስ ደግሞ በማን መኪና እንደሚሄዱ ሳይስማሙ ቀሩና ቅዳሜን ቤታቸው ዋሉ።

ፔንቶፍት ላይ ፀሐዩ ለጉድ ነበር። ሠላሳ የሚሆን ሰው ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ በቢጫው የሥልጠና አውሮፕላን ዙሪያ ተቀምጧል። ሌናርድ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ መቁጠር ጀመረ፤ ሁለት መቶ ስድሳ ብሎን ድረስ አንድም እንከን አላገኘም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጆስሊን፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ግራሶ የለበሰ ሴት፣ የሞተሩን ውልብልቢት በእጇ መታ አዞረችው። አውሮፕላኑ እንደ ሽማግሌ ሁለቴ ሳለ፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፣ ዝም አለ። እንደገና አዞረችው። እንደገና ሳለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በድምፅ ማጉያው የሚናገረው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ክቡራትና ክቡራን፣ አውሮፕላኑ በአሁኑ ሰዓት ባለበት ቦታ ይገኛል ብሎ አስታወቀ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኛ የዚህ አገር ሰዎች ቆሞ ላልተንቀሳቀሰ ነገር ማጨብጨብ የለመድን ነን።

ሌናርድ ወደ ጆስሊን ጠጋ ብሎ ችግሩ ምን እንደሆነ ጠየቃት።

«የነዳጅ ቱቦው ነው» አለችው እጇን በጨርቅ እየጠረገች። «የሰማንያ ስንት ዓመት ቱቦ ነው፤ ተሰነጣጥቋል። አዲስ ባስገባለት ዛሬውኑ ይነሳ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አታስገቢለትም?»

«ያን ጊዜ መቶ በመቶ አይሆንማ። እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ደግሞ ደብዳቤ ይጽፋሉ።»

ሌናርድ ተመልሶ ከዶሪን ጎን ተቀመጠ። ዶሪን የእንቁላል ሳንዱቿን እያኘከች ቢጫውን አውሮፕላን ትመለከታለች።

«ዳሌህን ያስቀየርከው አምና ነው» አለች ቀስ ብላ። «የላይኛው ጥርስህ የተሠራ ነው። ዓይኖችህ ውስጥ ሁለት አዲስ ሌንስ አለ። ሳስበው፣ ካገባሁት ሰው የተረፈኝ ስሙ ነው።»

«እና ምን ለማለት ነው?»

«ትንቀሳቀሳለህ ለማለት ነው።»

ዳሌው፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ጀርመን ሠራሽ ነበር፤ ሊቀ መንበሩ ይህን መረጃ ከማኅበሩ ሰውሮ ነው የኖረው። ሌናርድ ደብተሩን አየ። ሁለት መቶ ስድሳ ትናንሽ ጭረቶች፣ በአምስት በአምስት ታስረው። አሥራ ዘጠኙን ገጽ፣ ሁለቱን አባሪ፣ በርናርድ ያስቀመጣትን እርሳስ አሰበ። ከዚያ ሳቁ መጣበት፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በሆዱ። ከፊት የተቀመጡ ሴትዮ ዞር ብለው ገላመጡት፤ አውሮፕላኑ ላይ የሳቀ መስሏቸው።

«ተነሺ» አለ እንባውን እየጠረገ። «ሳልትሃቨን እንሂድ።»

በሕይወቱ ያለ ፊርማ የወሰነው የመጀመሪያ ውሳኔ ይህ ነበር፤ አፈጻጸሙም እንደዚያው ሆነ። የአንድ ሰዓት መንገድ አራት ሰዓት ፈጀባቸው። ግማሹን ከአንድ ትራክተር ኋላ ኋላ ተጓዙ። ቀጥሎ «ተለዋጭ መንገድ» የሚል ቢጫ ምልክት አገኙና ተከተሉት። ምልክቱ በሦስት መንደር አዙሮ እዚያው የተነሱበት አደባባይ ላይ መለሳቸው። ሌናርድ ምልክቱን ያውቀዋል፤ ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ማጽደቂያው ላይ ሦስተኛው ፊርማ የእሱ ነበር። ዶሪን ማን እንደተከለው አልጠየቀችም፤ እሱም አልነገራትም።

ሲደርሱ ትርኢቱ አብቅቶ ሰው ተበትኗል። የሰሞኑ ዝናብ ያራሰው ሰፊ ሜዳ በመኪና ጎማ ታርሶ አምስት ስድስት መኪና ብቻ እዚህም እዚያም ቀርቷል። በሜዳው ጥግ በርናርድ ታጣፊ ወንበሩ ላይ፣ ፔርሙዙን እግሩ ሥር አድርጎ፣ ብቻውን ተቀምጧል። ሌናርድ እየተንሸራተተ ሄዶ ፊቱ ቆመ።

«ጠበቅከኝ?» አለ።

በርናርድ ወደ መኪናው በአገጩ አመለከተ። የኋላ ጎማዎቹ እስከ ግማሽ ድረስ ጭቃ ውስጥ ሰምጠዋል።

«አልወጣ ብሎኝ ነው» አለ።

ከዚያ በርናርድ ውሎውን አወራለት። ጠዋት ከባሕሩ የተነሳ ጉም ቀኑን ሙሉ ሜዳውን እንደሸፈነው ዋለ። አንድም አውሮፕላን አልተነሳም። ስፒትፋየሩ ከትናንት ጀምሮ እዚያው ነበር፤ በርናርድ ያየው ግን ጉሙ ለአፍታ ሲሳሳ ብቅ ያለች ጭራውን ብቻ ነው። የእናንተስ እንዴት ነበር አለው።

«ኦሪጅናል ነበር» አለ ሌናርድ።

«በረረ?»

«አልበረረም።» ሌናርድ ባርኔጣውን አወለቀ። «ጥፋቱ የደንቡ አይደለም፣ በርናርድ። የኔ ነው። የቆጡን አወርድ ብዬ ነው። አንተ ልትሄድ ነው፣ እኔ ብሎን እቆጥራለሁ።»

በርናርድ ከፔርሙዙ የቀረችውን ቀዝቃዛ ሻይ በክዳኑ ቀዳለትና ሰጠው። ሌናርድ ጠጣ። ይቅርታ በእኛ አገር ከዚህ በላይ አይብራራም።

ከዚያ ወደ ሥራ ገቡ። ዶሪን የበርናርድን መኪና መሪ ያዘች፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኋላ ሆነው፣ ትከሻቸውን ለመኪናው ሰጥተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገፉ። ጎማው ዞረ፤ ጭቃው ፊታቸውን፣ መነጽራቸውን፣ ደረታቸው ላይ ያለውን የማኅበሩን ዓርማ ሸፈነው። መኪናው ትንሽ ወጣ፣ ተመለሰ። እንደገና ገፉ። ይሄኔ ጉሙ ተገፎ ምሽቱ ጠርቷል፤ ከሜዳው ማዶ አንድ ሞተር ተነሳ። በርናርድ ጆሮው ቆመ።

«ሌናርድ፣ እሱ ነው። ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው።»

«አትልቀቅ። ከለቀቅን ተመልሶ ላያችን ላይ ይወጣል።»

ድምፁ ቀረበ፣ ጎላ፤ ምድሩ በእግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ። በጭቃ በተለበጠው ጀርባቸው ላይ ፈጣን ጥላ አለፈ። ሁለቱም አንገታቸውን እንደደፉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ የመኪናውን ታርጋ እያዩ ገፉ። መኪናው አጓርቶ ወጣ፤ እነሱ በሆዳቸው ተዘረሩ። ቀና ሲሉ ባሕሩ ላይ አንዲት ነጥብ ነበረች። እሷም ጠፋች።

ዶሪን መኪናውን ደረቅ መሬት ላይ አቁማ በመስኮቱ ብቅ አለች።

«አየሽው?» አለ ሌናርድ ከጭቃው ውስጥ።

«አየሁት።»

«እንዴት ነበር?»

ዶሪን አሰበች። «ዝቅ ብሎ መጣ። ልክ እኔ ጋ ሲደርስ ክንፉን አዘነበለና አብራሪው እጁን አውለበለበልኝ። ያምራል» አለች።

በርናርድ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጦ መሳቅ ጀመረ። ሌናርድ አጠገቡ ተቀመጠ። ሱሪያቸው እስኪርስ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ እስኪቀሩ ድረስ ተቀመጡ። በርናርድ የሞተሩን ድምፅ በአፍንጫው እያንጎራጎረ፣ ከቅኝቱ ግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ያለ ነው፣ ግን ይሁን አለ።

በነሐሴ መጀመሪያ፣ በርናርድ ለመጨረሻ ጊዜ ጸሐፊ ሆኖ በተገኘበት ስብሰባ፣ ዓመታዊው ሪፖርት ቀረበ። የዘንድሮው ጉዞ ዓላማውን ሙሉ በሙሉ ማሳካቱ፣ አውሮፕላን ሲበር ያየ የማኅበሩ አባል አለመኖሩ፣ አባል ካልሆኑ ወገኖች ግን አንድ ሰው ማየቱ በአድናቆት ተጠቀሰ። ሲረል ዶሪን በክብር አባልነት ትመዝገብ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሜቪስ፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ልብ ይበሉ፣ ከባሏ ጋር እጇን አወጣች። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሌናርድ ተነስቶ፣ ልትወስዳቸው መጥታ የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ በር ላይ ለቆመችው ሚስቱ ውሳኔውን በወጉ አነበበላት።

ዶሪን አመሰገነችና ይቅርብኝ አለች።

«አባል ብሆን ኖሮ እኔም አንገቴን ደፍቼ መኪና እገፋ ነበር።»