ጧሪ ቀባሪ የሌለው ማነው?

ሀብታም ለመሆን ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። ሰውዬው መኪናውን ያቆማል፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጣል ያደርጋል፣ አለቀ። ድሃ መሆን ግን፣ እናንተዬ፣ ጣጣው ብዙ ነው! ቅጽ ይሞላል፣ ጉርድ ፎቶ ይቀርባል፣ ምስክር ይቆጠራል፣ የቀበሌ ማኅተም ያርፍበታል። ማኅተሙ ከደበዘዘ ደግሞ ድህነትህ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቀጠራል። ይህን ስል ሴፍቲኔትን እያማሁ እንዳይመስላችሁ። እንጀራዬ ነው። ደግሞም ጠፍቶ የከረመ ምድጃ በዚያ ድጋፍ ሲነድ፣ በር ዘግተው የተቀመጡ አዛውንት ደጅ ወጥተው ከሰው ጋር ሲጫወቱ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ያየ ሰው ማመስገን አለበት። ብቻ ቅጹን የሚያረቅቀው ሰው ምነው አንድ ቀን ጅግጅጋ መጥቶ፣ ወረቀቱን ከነፋስ እየተሻማ ሞልቶት ቢያይ እላለሁ።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። የቀበሌ ማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሆኜ ጅግጅጋ ስመደብ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ምን አጥፍተህ ነው?" ብላኝ ነበር። ምንም አላጠፋሁም። ማስታወቂያ አይቼ ተወዳድሬ፣ አልፌ ነው የመጣሁት። እሷ ካረፈች በኋላ ግን ወዴት ተመልሼ እንደምሄድም ጠፋኝ፤ እዚሁ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቀረሁ።

በመጣሁ በዓመቱ የተጠቃሚዎች ልየታ ደረሰ። ልየታ ማለት ሰፈርተኛው ተሰብስቦ፣ በሽማግሌዎች ኮሚቴ ፊት፣ "ከመካከላችን የባሰበት ማነው?" ብሎ ስም የሚያወጣበት ነው። ቦታው የተወሰነ ስለሆነ አንዱ ሲገባ አንዱ ይቀራል። እኔ መስፈርቱን በአማርኛ ሳነብ ሰብሳቢው ኦዳይ ዋርሳሜ ለሕዝቡ በሶማልኛ ይመልሱታል። ኦዳይ ማለት ሽማግሌ ነው፤ ወጣትነታቸውን በባቢሌ መንገድ ጭነት መኪና ላይ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእኔ ይሾላል። "ጧሪ ቀባሪ የሌለው" የሚለው ላይ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩና ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ እዚህ ወንድም አለህ?" አሉኝ ኦዳይ ዋርሳሜ።

"የለኝም።"

"አጎትስ? የእናትህ ወገንስ?"

"እዚህ እንኳ ማንም የለኝም።"

"ታዲያ ዛሬ ብትሞት ማን ይቀብርሃል?"

እኔም እንደ ቁም ነገረኛ አሰብኩበት። "መሥሪያ ቤቱ" አልኩ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ኦዳይ ዋርሳሜ ግን አልሳቁም፤ ወደ ጸሐፊው ዘወር ብለው "አንደኛ እሱን ጻፍ" አሉ።

ኧረ በሕግ! እኔ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነኝ ብዬ ብጮህ "ደመወዝ ቃሬዛ አይሸከምም" ብለው ዘጉኝ። ለካ የእሳቸው ድሃ ሰው የሌለው ሰው ነው። እኔ በልቤ አንደኛ አድርጌ ይዣቸው የነበሩት ሐዎ ደግሞ ከነጭራሹ ቀርተዋል! ሐዎ ዕድሜያቸውን የባቢሌ ኦቾሎኒ ሲቸረችሩ ኖረው፣ አማርኛውንም ከገበያ ለምደው፣ ዓይናቸው ደክሞ የተቀመጡ፣ የወለዱት የሌላቸው አሮጊት ናቸው። ብጠይቅ "ሐዎ ምን ጎደላት? የወንድሞቿ ልጆች ከዚህ እስከ አፍደም ሞልተዋል" አሉኝ። ሞልተዋል፤ ግን እነሱም ከብታቸውን ድርቅ የጨረሰባቸው ናቸው። ተከራክሬ ስሜን አሰረዝኩ፣ በቦታው ሐዎን አስገባሁ። ከድጋፉ ጋር የነፃ ሕክምና ካርድ ስለነበረው ሐኪሙ ያዘዘላቸውን የዓይን ጠብታ በየወሩ መውሰድ ጀመሩ። ጠብታው ከተቋረጠ የቀረችውም ብርሃን ትጠፋለች ተብለዋል። ኦዳይ ዋርሳሜ በቃለ ጉባኤው ላይ ፈርመው ሲነሱ "ከወረቀቱ ወጥተሃል፤ ከእኛ ግን አልወጣህም" አሉኝ። እኔ ተረብ መስሎኝ ሳቅኩ።

በረመዳን ትኩሳት ጣለኝ። ሁለት ቀን በሬን ዘግቼ ስቃዥ፣ በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ በሩ ተንኳኳ። ሐዎ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን እየዳበሱ፣ በሌላው ፔርሙስ ይዘው። ሽማግሌዎቹ "ሰው የሌለው ሰው ታሟል" ብለው ተራ አውጥተውልኝ ኖሯል፤ እሳቸው ግን ተራውን ለማንም አልለቀቁም። የግመል ወተት እንደማልጠጣ፣ ያኔም ሁዳዴ ላይ እንደነበርኩ ጠይቀው ደርሰውበት፣ የኦቾሎኒ ሻይ አፍልተው አመጡ። እሳቸው ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ውለው፣ እኔን በጠራራ ፀሐይ "ጨርሰው!" እያሉ ያጠጡኛል። አለቀስኩ። ትኩሳቱ ነው ብዬ ነበር፤ ትኩሳቱ አልነበረም። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይኖሩ..." ስል "የምን እርስዎ ነው? እናት እርስዎ ትባላለች?" ብላ ተቆጣች። ከዚያ ወዲህ እሷ ልጄ ትለኛለች፣ እኔም ሆዮ እላታለሁ፤ በሶማልኛ እናቴ ማለት ነው። ወደ ሐኪም ቤት ስንሄድ እጅጌዬን ይዛ ነው የምትሄደው።

ዘንድሮ እንደገና ልየታ ተደረገ። አዲሱ ቅጽ ጥብቅ ነው፤ ደመወዝ ያለው ልጅ የሚጦረው ሰው ይሰናበታል። ተጠቃሚዎቹ ተራ በተራ እየተነሱ ሲጠየቁ ሆዮ ሐዎ ዘንድ ደረስን። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ "ሆዮ፣ የሚጠይቁሽ የወለድሽውን ነው። የለኝም በይ፤ ውሸት አይደለም። ካርዱን ታጪያለሽ፣ ጠብታውን አስቢ" አልኳት።

"ሐዎ፣ ደመወዝ ያለው ልጅ አለሽ?" አሉ ኦዳይ ዋርሳሜ።

"አለኝ" አለች፣ ሕዝቡ ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ "ይኸው አጠገቤ ቆሞ 'የለኝም በይ' እያለኝ ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሕዝቡ ሳቀ፣ አንዳንዱም አጨበጨበ። እኔ ግን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ተነጫነጭኩባት። በአንድ ቃል ያን ሁሉ ታጪ? ካርዱ እኮ ያንቺ መብት ነበር! እሷ እጅጌዬን እንደያዘች ደጃፏ ስንደርስ ቆመች።

"እኔ የለኝም ካልኩ አንተም የለህም ማለት ነው" አለችኝ። "ያኔ እንደገና አንደኛ ይጽፉሃል። በቁሜ ይህን ልስማ?"



ይኸው ሁለታችንም ከመንግሥት ድጋፍ ውጭ ነን፤ ተመስገን። ቦታዋን ለባሰበት ሰጡት። ጠብታውን እኔ እገዛለሁ፣ የኦቾሎኒ ሻዩን እሷ ታፈላለች። "የተሰናበተችበት ምክንያት" በሚለው ዓምድ ሥር "ልጅ አላት" ብዬ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ያ ምቀኛ ማኅተም እንኳ ያን ቀን ሳይደበዝዝ ጥርት ብሎ አረፈበት።