«ተጠቃሏል» ያልነው ዕቃ

ሰው ሁሉ «ቤት መልቀቅ ከባድ ነው» ይላል። ውሸት ነው። ሬሳ እንኳ ቤቱን ይለቃል፤ ያውም ያለ አንድ ቃል ክርክር። ከባዱ ሌላ ነው… ዕቃ መጠቅለል የሚጀመርበትን ቀን መቁረጥ! ይህን የቻለ መሥሪያ ቤት በአገራችን እስካሁን አልተፈጠረም፤ ተፈጥሮ ከሆነም እኛ ከተማ፣ መካነ ሰላም፣ አልደረሰም።

ኋላ «እኔ በቦታው አልነበርኩም» የሚል እንዳይመጣ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። በጠረጴዛው ራስጌ ኃላፊያችን አቶ ጌትነት ነበሩ። በቀኛቸው ጋሽ ሰይድ፣ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ። (እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ «ጠቅላላ» ስለተባለ የሚጠቀልል ሰው አለ ብላችሁ እንዳትሳሳቱ።) በግራቸው ወይዘሮ የሺመቤት፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፤ አንድ ፋይል ከቦታው ሲነቀነቅ ጥርሳቸው የተነቀነቀ ያህል የሚያማቸው። ከጠረጴዛው ግርጌ የንብረት ሠራተኛም ቃለ ጉባኤ ያዥም የሆንኩት እኔ። ከበሩ አጠገብ ደግሞ፣ ወንበር የሚስብላቸው ሰው ስለጠፋ በገዛ በርጩማቸው ላይ የተቀመጡት የቤቱ ባለቤት፣ እትየ ከድጃ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ብጠራውም አቤት አይልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትየ ከድጃ ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ኒካሁ ታስሯል፤ ሰርጉ እሑድ ነው፤ ሙሽሪት የምትገባው ደግሞ እኛ ማኅተም በምንመታባቸው ክፍሎች ውስጥ ነው። ይህን አዝመራው ሳይሰበሰብ ጀምሮ ነግረውናል። አዲስ ቤትም ከከተማው ማዶ ጫፍ ተገኝቶልን ቁልፉ በአቶ ጌትነት ኪስ ውስጥ ይንቃጨላል። የጭነት መኪና ከደሴ ይላክልናል፤ «ዕቃው ሲጠቀለል አስታውቁ» ተብለናል። የቀረን መጠቅለል ብቻ ነበር። ብቻ!

እትየ ከድጃ በየሳምንቱ እየመጡ መቼ እንደምንወጣ ሲጠይቁ የምንሰጣቸው መልስ «አብሽሩ» የሚል ነበር። አብሽር ወሎ ውስጥ ደግ ቃል ነው፤ የታመመ ይጽናናበታል፣ የከፋው ይጠገንበታል። እኛ ቢሮ ገብቶ ትንሽ እንደተቀመጠ ግን እንደ ሠራተኞቹ ሆነ፤ ከቦታው መንቀሳቀስ ተወና ትርጉሙ «ሌላ ጊዜ ይምጡ» ማለት ብቻ ሆኖ ቀረ።

በመጨረሻ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነው፤ መጠቅለል መቼ ይጀመር?

አቶ ጌትነት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» በሚል ተረት ስብሰባውን ከፈቱልን። ተረቱ እውነት ነው። እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ግን የታቀፈችው ዶሮ ስላለች ነው። እኛ የታቀፍነው ወንበር ነበር።

ቀጥሎ ጋሽ ሰይድ፣ ከቀኑ በፊት በምን እንደሚጠቀለል መወሰን አለበት አሉ። የእሳቸው ምርጫ የማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ በየቤቱ ሞልቷል፣ አፉም በቀላሉ ይሰፋል። ወይዘሮ የሺመቤት ፋይል እንደ ገብስ አይሰፈርም ብለው ካርቶን ጠየቁ። ካርቶኑ ከየት ይምጣ ሲባል ከሱቅ ተባለ። የሱቅ ካርቶን ደግሞ ወይ የሳሙና ነው ወይ የብስኩት፤ ጋሽ ሰይድም ሳሙና ሳሙና የሚሸት ደብዳቤ ለበላይ አካል እንዴት ይቀርባል ብለው ተከራከሩ። (ለበላይ አካል እስካሁን የቀረቡት ደብዳቤዎቻችን ምን ምን ይሸቱ እንደነበር ማንም አልጠየቀም።) ክርክሩ ምሳ ሰዓትን ተሻገረ። ከዚያ «ሁለቱም አማራጮች ይጠኑ» ተብሎ ወደ ቀኑ ተመለስን።

ማክሰኞ ለጥናቱ ተያዘ። ረቡዕ ጥናቱ ለሚቀርብበት ስብሰባ ተያዘ። ሐሙስ ሲባል ጋሽ ሰይድ እጃቸውን አወጡ።

«ሐሙስ ሚካኤል ነው» አሉ። «እህታችን የሺመቤት በሚካኤል ቀን ሸክም ስትሸከም እያየሁ ዝም ብል አላህ ይታዘበኛል።»

ወይዘሮ የሺመቤት ስለ ሚካኤል አንድም ቃል አልተነፈሱም ነበር። ነገር ግን ልባቸው ተነካ፤ ውለታ መመለስም ያውቃሉ። «ዓርብም ቢሆን ጁምዓ ነው» አሉ። «ጋሽ ሰይድ ሶላት እያለባቸው እኔ ዕቃ አላሸክማቸውም።»

ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑ። የአቶ ጌትነት ዓይን እንባ አቀረረ፤ የወሎ ሰው መቻቻል ለሌላው ትምህርት እንደሚሆን ሰፋ ያለ ንግግር አደረጉ፤ እኔም በቃለ ጉባኤ ያዝኩት። መቻቻሉስ እውነት ነው። የወሎ ሰው ጎረቤቱ ሸክም ሲከብደው አምላኩን ሳይጠይቅ በአንዱ ጫፍ ይገባለታል። እነዚህ ግን የተቻቻሉት ስንፍናቸውን ነው። በገዛ በዓሉ ሊያርፍ ያሰበ ማንም የለም፤ አንዱ በሌላው በዓል ሊተኛ ነው።

እትየ ከድጃ በበርጩማቸው ላይ ተመቻችተው ተናገሩ። «ልጆቼ፣ የሚካኤሉንም የጁምዓውንም ዱዓ እኔ አደርግላችኋለሁ። እናንተ ካርቶኑን ያዙ። ኒካሁ ታስሯል፤ ያልታሰረው የናንተ ዕቃ ነው።»

«አብሽሩ፣ እትየ» አሏቸው አቶ ጌትነት።

ረቡዕ ጥናቱ ቀረበ። ግማሹ በካርቶን፣ ግማሹ በማዳበሪያ እንዲሆን፣ ሥራውም «አመቺ በሆነ ቀን» እንዲጀመር ተወሰነ። አቶ ጌትነት እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አንኳኩተው «እንግዲህ ተጠቃሏል» ሲሉ ስልካቸው ጠራ። ከደሴ መኪና የሚመድበው ሰው ነው። በእኛ ከተማ ነፋስ ሲነሳ የስልኩ ድምፅ አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁላችንም እንድንሰማው ጮክ አደረጉት። በሹክሹክታውና በነፋሱ ፉጨት መሀል «…ተጠቅልሏል ወይ?» የሚል መጣ።

«አዎን፣ አሁን ተጠቃሏል!» አሉ አቶ ጌትነት ደረታቸውን ነፍተው። «በሉ እን…» ብሎ መስመሩ ተቆረጠ።

ልብ በሉልኝ። «ተጠቅልሏል» ሲባል ዕቃው ላይ ገመድ ዞሮበታል ማለት ነው። «ተጠቃሏል» ሲባል ወሬው አልቋል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት «ቅል» ናት። ቅሉ ደግሞ አንገታችን ላይ ነበር።

እጄን አወጣሁ። ስብሰባው ስለተዘጋ አስተያየት ካለኝ በሚቀጥለው እንዳቀርብ ተነገረኝ። በር ላይ ተከትያቸው ሰውየው የጠየቀው ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ውይይቱ አይደለም አልኳቸው። አቶ ጌትነት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አንተ ልጅ፣ ነገር ማበጠር ትወዳለህ» ብለውኝ ሄዱ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና በግቢያችን በር ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ የጭነቱን የኋላ መዝጊያ፣ ስፖንዳውን፣ ከፈተውና ወደ ውስጥ ገባ። መደርደሪያው እንደቆመ ነው። ፋይሉ እንደተደረደረ ነው። የአቶ ጌትነት መጋረጃ እንኳ እንደተሰቀለ ነው።

«የታለ የተጠቀለለው?» አለ።

«የተጠቃለለው ውይይቱ ነው» አሉት አቶ ጌትነት።

«ውይይት አይጫንም፣ ጋሼ። ክብደት የለውም።»

ከዚያ ቁርጡን ነገረን። ከሰዓት በኋላ አጅባር ከተማ ላይ የሚጭነው እህል አለ። እስከ ስድስት ሰዓት ከተጫነ ያደርስልናል፤ ካልተጫነ ባዶውን ይነሳል፤ በዚህ ሳምንት ሌላ መኪና የለም። ማለትም እሑድ ሙሽሪት ስትመጣ አቶ ጌትነትን ከነማኅተማቸው አልጋዋ አጠገብ ታገኛቸዋለች። ሁላችንም ወደ እትየ ከድጃ ዞር አልን። ግቢው ውስጥ ዘመዶቻቸው ዳስ ሊጥሉ ቋሚ ይተክላሉ፤ የዳሱ ሸራ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

አቶ ጌትነት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። እየጨመርኩ እንዳይመስላችሁ። «በተፈጠረው ሁኔታ ላይ ለመወያየት» ብለው ጠሩ፤ እኛም ገብተን ተቀመጥን።

እትየ ከድጃ በሩ ላይ ቆመው ተመለከቱን። ከዚያ በጣም ረጋ ባለ ድምፅ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ፤ አትነሱ» አሉንና ዘወር ብለው ዳስ ጣዮቹን ጠሯቸው።

መጀመሪያ መደርደሪያው ወጣ። ቀጥሎ ጠረጴዛው ከፊታችን ተነሳ፤ አቶ ጌትነት ክርናቸውን አንስተው አሳለፉትና ወደ ሁለተኛው ነጥብ ተሻገሩ። ወይዘሮ የሺመቤት ወንበራቸው ሲነካ ብድግ አሉ። ጋሽ ሰይድ ግን ሥርዓት ይከበር እያሉ ስለነበር አልተነሱም፤ ሁለት ጎረምሶች ከነወንበራቸው አንስተው ግቢው ውስጥ እንደ ትልቅ ሰው በክብር አስቀመጧቸው። እዚያም ሆነው እጃቸው እንደወጣ ነበር።

ፋይሎቹስ? ካርቶን የለም፣ ማዳበሪያ የለም። ሴቶቹ የዳሱን ሸራ ጎትተው አስገቡና ወለሉ ላይ ዘረጉት፤ መዝገብ ቤቱን እንዳለ ገለበጡበት፤ አራቱን ጫፍ ይዘው እንደ ጭድ ቋጠሩት። ወይዘሮ የሺመቤት «ኧረ በቅደም ተከተሉ!» ይላሉ። «አብረው ነው የሚሄዱት፣ ምን ቅደም ተከተል አላቸው?» አለች አንዷ፣ ቋጠሮውን በጉልበቷ እየረገጠች። ሁለት ስብሰባ የበላው የካርቶንና የማዳበሪያ ክርክር ማንም እጁን ባላወጣለት በሦስተኛ ነገር አለቀ። እኔም ኮቴን አውልቄ ገባሁበት።

ወንበሮቹ በገመድ ታስረው፣ ሁሉም ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ተጫነ። አዲሱ ቤት ሁሉም ነገር ኮሪደሩ ላይ ተራገፈ። ሾፌሩ ሊነሳ ሲል በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ አሁን ተጠቅልሏል» አላቸውና ወደ አጅባር ነካው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ዳስ ያለ ሸራ ግን ዳስ አይሆንም። ዓርብ ማለዳ እትየ ከድጃ ሸራቸውን ሊወስዱ መጡ። አቶ ጌትነት በአክብሮት ተቀብለው፣ ዕቃው የሚፈታበትን ቀን ዛሬውኑ ተሰብስበን እንደምንወስንና ሸራውም በዚያው ቀን እንደሚመለስ ገለጹላቸው። ወይዘሮ የሺመቤት ዛሬ ጁምዓ መሆኑን አስታወሱ።

እትየ ከድጃ ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን ፈቱ፤ ሁለቱን ጫፍ ራሳቸው ያዙ፣ ሁለቱን ከልጃቸው ሚዜዎች ለአንዱ ሰጡ፤ ከተኛ ሰው ሥር ጋቢ እንደሚመዘዝ ሸራውን መዘዙት። የመሥሪያ ቤቱ ዕድሜ በሙሉ ኮሪደሩ ላይ ፈሰሰ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ከመጨረሻው ጋር ተቃቀፈ። ወይዘሮ የሺመቤት ግድግዳ ተደገፉ። እትየ ከድጃ ሸራውን ጠቅልለው (ሳይሰበሰቡ ነው!) ለሚዜው አሸከሙና ወጡ።

እሑድ ሙሽሪት በክብር ገባች። እኛም ተጠርተን ዳስ ውስጥ ተቀምጠን በላን። ወደ ላይ ቀና ስንል፣ ከጭነቱ መሀል ቀለማችን ከማኅተሞቻችን በአንዱ ላይ ተደፍቶ ኖሮ፣ ልክ ከሙሽራው ራስ በላይ ሸራው ላይ ወይን ጠጅ ሆኖ የታተመ ቃል አየን። «አስቸኳይ» ይላል። ሽማግሌዎቹ ለልጁ የተጻፈ መስሏቸው ሲስቁ ዋሉ። ያ ማኅተም በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ የሚገባው ቦታ ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነበር።

እኛስ? ሰኞ ጠዋት የመፍቻውን ቀን ለመቁረጥ ግድግዳ ተደግፈን፣ ቆመን ተሰበሰብን። ሐሙስ ይሁን ሲባል ጋሽ ሰይድ ገብርኤል ነው አሉ። ሚካኤል ሐሙስ ከዋለ ገብርኤልም ሐሙስ ይውላል፤ ጋሽ ሰይድ ይህን ከቄሱ ቀድመው ያውቃሉ።

እኔ ያየሁትና የሰማሁት ይኸው ነው። ሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ መቆም አይቻልምና የቀረ ነገር ይኖራል። አቶ ጌትነት፣ መስመሩ ሲቆረጥ የደሴው ሰው ያላሰማን ቃል በኋላ ደርሶዎት ከሆነ ይጨምሩ። ጋሽ ሰይድ፣ ከነወንበርዎ በአየር ላይ ሳሉ ሊያነሱት የነበረው ነጥብ ምን ነበር? ወይዘሮ የሺመቤት፣ ከክምሩ ውስጥ እስካሁን ያልተገኘውን ፋይል እርስዎ ያውቁታል። እትየ ከድጃ፣ በበሩ ላይ ቆመው ሲያዩን በሆድዎ ያሉትን ቢነግሩኝ፣ የሚጻፈው ይጻፋል። እያንዳንዳችሁ ባገኛችሁኝ ቦታ ንገሩኝ፤ መንገድም ላይ ቢሆን እቆማለሁ። ብቻ አደራ፣ ምን እንደሚጨመር ለመወሰን ስብሰባ እንዳትቀመጡ። ወንበሮቹ ገና ከገመዳቸው አልተፈቱም።