የግዛው ወገብ ዘመቻ፣ ከአቡ ዳቢ እስከ አል ሂሊ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ ማስክ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ ሊፍት ውስጥ ከሁለት ሰው በላይ እንዳይገባ በታወጀበት ወራት፣ መዛኔ ሻንጣ ወአመጣጣኔ ክንፍ፣ ባለ ሰፊው ወገብ ግዛው በተወለዱ በአርባ ስምንተኛው፣ አቡ ዳቢ በገቡ በዐሥራ አራተኛው ዓመት ይህ ሆነ።

እኒህ ግዛው የአውሮፕላን ጭነት ለክቶ ማመጣጠን ሥራቸው ሆኖ፣ የሰው ሁሉ ሻንጣ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ሲያውቁ፣ የራሳቸውን ክብደት ግን ከሠርጋቸው ወዲህ ጠይቀው አያውቁም ነበር። ወረርሽኙም አውሮፕላኖቹን መሬት ላይ ባስቀመጠ ጊዜ እሳቸው ሶፋ ላይ ተቀመጡ፤ ከላፕቶፕ ወደ ፍሪጅ፣ ከፍሪጅ ወደ ላፕቶፕ ሲመላለሱ ቦርጫቸው ዐመፀ፤ ቀበቶውን ተሻግሮ፣ ሁለት የሸሚዝ አዝራር በጥሶ ወደ ጉልበት ገሰገሰ፤ የጫማቸውንም ክር የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ጸደንያ ታስርላቸው ጀመር።

ወእምዝ የመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ ምርመራ ደረሰና ዶክተር ሳፊያ ሜትሩን በወገባቸው ዙሪያ አዙረው፣ ለማገናኘት ነርስ ጠርተው፣ መቶ ሃያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብለው ጻፉ፤ እንዲህም ሲሉ ዐወጁ፦ «ደም ግፊትዎ ወጥቷል። ስኳርዎ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ጉበትዎ ስብ ለብሷል፤ ሆድ ዕቃን የከበበ ስብ ልብንም አይምርም። ይህ ወረርሽኝ ቢይዝዎ ደግሞ ይብስብዎታል። እስከ ግንቦት እታገሥዎታለሁ፤ ስኳሩ ካልወረደ ግን መድኃኒት እንጀምራለን፣ ምናልባትም መርፌ።»

ግዛው መርፌ ሲባል ላብ የሚያጠምቃቸው ሰው ስለሆኑ ፈሩ። ከመርፌው ይልቅ ግን ተክሌን አስበው ፈሩ። ይህ ተክሌ ከእሳቸው ጋር ከአንድ ሱቅ አንድ ቁጥር ሱሪ የሚገዛ፣ ሲስቅ ሆዱ የሚርገፈገፍ ባልንጀራቸው ነበር፤ አምና በሰኔ ሆስፒታል ገብቶ በዐሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። የቀበሩት አራት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ ግዛው ከአራቱ አልነበሩም። እዚህ ላይ ጸሐፊው የሚቀልድበት አፍ የለውም።

ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ ግዛው ከሶፋቸው ተነሥተው ዐወጁ፦ «ስሙ! የሰማህ ላልሰማ ንገር! ሥጋና ቅቤን ለኀምሳ አምስት ቀን ከቤቴ አሰድጃለሁ። ነፍሴም ትጸድቃለች፣ ቦርጬም ይጠፋል።» ሕዝቡም፣ ማለትም ሚስታቸው ወይዘሮ እቴነሽና ልጃቸው ጸደንያ፣ ሰሙ። ግዛውም በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ጾሙ። ዘጠኝ ሲሆን ግን ሠራዊቱ ተሰልፎ ይጠብቃቸው ነበር፤ በግንባር በዘይት የሚዋኝ ሽሮ፣ በቀኝ የምስር ሳምቡሳ፣ በግራ ድንች ጥብስና ፓስቲ፣ በደጀን ኦቾሎኒና ተምር፣ ከሁሉ ኋላ የጾም ኬክ፤ ሁሉም ቅቤ ያልነካቸው፣ ሁሉም ሕግ አክባሪዎች። በደብረ ዘይት ሰንበት ሚዛን ላይ ቢወጡ፣ በምርመራው ቀን ከተመዘኑት ሦስት ኪሎ ጨምረው ተገኙ። ግዛውም ሚዛኑን በመናፍቅነት ጠረጠሩት።

ያን ጊዜ ወይዘሮ እቴነሽ ጭልፋ እንደያዙ ዐወጁ፦ «ጾም ማለት ቅቤን በዘይት መተካት የመሰለው ሁሉ ይስማ! ከዛሬ ጀምሮ ዘይት በማንኪያ ይለካል፣ ዳቦ በቀን አንድ ነው፣ የጾም ኬክ ኸላስ፣ አበቃ! ጠዋት ጠዋትም ባሕር ዳር፣ ኮርኒሽ ላይ በእግር እንሄዳለን።» ስለዚህም በየማለዳው እቴነሽ በስፖርት ጫማ ፊት መሪ፣ ጸደንያ በስኩተር ፈረሰኛ፣ ግዛው ከኋላ እያለከለኩ፣ ማስካቸው እየረጠበ፣ በባሕሩ ዳር ዘመቱ። በየዘንባባው ሥር ለዕረፍት ይሰፍሩ ነበር። እስከ ትንሣኤ ግን ከቦርጫቸው አምስት ኪሎ ማረኩ።

ምርመራው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ በፋሲካ ዕለት፣ በስዌይሃን የበረሃ መንገድ ግመሎቹን ተሰናብተው አል ዐይን ከተማ፣ አል ሂሊ ሰፈር ገቡ። እዚያ ታላቅ እህታቸው እትዬ ሸዋረጋ በአንድ ቪላ የወጥ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ግዛውን አጉርሰው ያሳደጉ እሳቸው ሲሆኑ፣ በወረርሽኙ ምክንያት ለዐሥራ አራት ወር አልተያዩም ነበር። ረመዳን የሚጾሙት አሠሪያቸው ማዳም ለበዓሉ በግና ባዶውን የእንግዳ ቤት ሰጥተዋቸው ነበርና፣ እትዬ ሸዋረጋ ሦስት ቀን ሙሉ ሠርተው ጠበቁ።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ግዛው ስለ ክብር ተቀበሉ፤ ሁለተኛውን ስለ ፍቅር ተቀበሉ። ሦስተኛው፣ የጨቅላ ጭንቅላት የሚያህለው፣ ሲመጣ አፋቸውን ዘጉ። እትዬ ሸዋረጋም እጃቸውን እንደዘረጉ ዐወጁ፦ «በሞቴ! አፈር ስሆን! እኔ በሕይወት እያለሁ ወንድሜ እንዲህ ከስቶ አይመለስም!» በዚያ ቤተ ዘመድ በሞት ተምሎበት አፉን ያልከፈተ ወንድ ተወልዶ አያውቅም።

ግዛው ተነሥተው ዐወጁ፦ «እትዬ ስሚ! ተክሌን በሞቴ እያልኩ ሳጎርሰው የኖርኩት እኔ ነኝ። እምቢ እያለኝ አጎርሰው ነበር። እኔ ደግሞ ጸደንያን መዳር እፈልጋለሁ። እጅሽን እስማለሁ፤ ጉርሻሽን ግን አልቀበልም።» ጸደንያም ከወንበሯ ተነሥታ «ዳዲ ኢዝ ራይት!» ስትል ዐወጀች።

ጉርሻው በአየር ላይ ቀረ፤ ቀዩ ወጥ በእትዬ ሸዋረጋ ክንድ ወረደ። ቀስ ብለው ወደ ትሪው መለሱት፤ እጃቸውንም ጠርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዐወጁ፦ «እኔም ስኳር አለብሽ ከተባልኩ ዓመት አልፎኛል። ማዳም ወደ አገር እንዳይመልሱኝ ፈርቼ ለማንም አልተናገርኩም። አንተ በምትመረመርበት እኔንም ውሰደኝ።» ግዛውም ስቅስቅ ብለው አለቀሱ፣ ይህንንም ጸሐፊያቸው አይደብቅም።

በስምንተኛው ቀን ወንድምና እህት በአንድ ወረፋ፣ በሁለት ሜትር ርቀት ተቀመጡ። የግዛው ወገብ መቶ ዐሥራ ስምንት ሆነ፣ ስኳሩም ከደጃፍ አፈገፈገ፤ ግፊቱ ገና ሽፍታ ነው። እትዬ ሸዋረጋ ክኒን ጀመሩ፤ ወደ አል ሂሊ ተመልሰውም ለማዳም ነገሩ። ማዳምም መሳቢያቸውን ከፍተው ያንኑ ክኒን፣ የራሳቸውን፣ አወጡና አሳዩአቸው።

ሌሎች ነገሥታት ድንበር አስፍተው ሲመሰገኑ አጥብበው የተመሰገኑ፣ ሚዛንን ያስታረቁ፣ ጉርሻን ከአፍ ደጃፍ የመለሱ፣ የጫማቸውን ክር በገዛ እጃቸው የሚያስሩ፣ መዛኔ ሻንጣ ወመዛኔ ርእሱ ግዛው ወገባቸው ይጥበብ፣ ዕድሜያቸው ይርዘም። የእትዬ ሸዋረጋም እንደዚሁ።