ሊቀ እርሾና የታጠበው ፖም

ሱቅ ሞልቶ የተረፈውን መጠጥ እኔው ራሴ ካልጠመቅኩ ብሎ ቤቱን ላቦራቶሪ የሚያደርግ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የእኛ ሰፈሩ ጎረቤቴ ነው። ሥራው ቧንቧ ጥገና ሲሆን፣ ማዕረጉ ግን ሊቀ እርሾ ነው። የሾምኩት እኔ ነኝ፤ ከሹመቱ ወዲህም አንቱ እላቸዋለሁ።

ክቡርነታቸው የፖም ጭማቂ በትልቅ ጠርሙስ ያብላላሉ። የተገዛ እርሾ ደጃቸው አይደርስም። «እርሾው ልጣጩ ላይ ተቀምጧል፤ እንግዳ ነው፣ አታባርረው!» ይላሉ። አንዴ ክዳኑን ጥርቅም አድርገው ዘግተውት ጠርሙሱ ፈነዳና ፖሙ ኮርኒስ ላይ ተለጠፈ። «ጤነኛ እርሾ ነው» አሉ፣ ፊታቸውን እየጠረጉ። ሌላ ጊዜ አቼቶ ሆኖባቸው ለሕንጻው ሁሉ አደሉን። ጠርሙሱ ዝም ሲል ደግሞ መልሳቸው አንድ ነው፦ «አትቸኩል፣ እያሰበ ነው።»

ዘንድሮ ልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው ቆርጣ ተነሳች። «ይሄም ከተበላሸ ጠርሙስህ የያዘውን ጥግ ለስፌት መኪናዬ ታስረክበኛለህ። አለቀ!»

ያኔ ነው ላግዝ ብዬ ጉድ የሠራሁት። እሳቸው ለክዳኑ የአየር ማስወጫ ቱቦ ፍለጋ ወጣ ሲሉ፣ ፖሙን በፈላ ውሃ ሙልጭ አድርጌ አጥቤ ከትፌ ጠበቅኳቸው። ለካስ እንግዳውን ሁሉ ፈጅቼው ኖሯል!

ሦስት ቀን፣ ስድስት ቀን፣ ጠርሙሱ ጭጭ። «እያሰበ ነው» ይላሉ፣ ድምፃቸው ግን ሰለለ። በሰባተኛው ቀን ወንበር ስበው እንደ ታማሚ ሲያስታምሙት አገኘኋቸው። «ወንድሜ፣ በሕይወቴ ለራሴ ብዬ የያዝኩት ነገር ይሄ ብቻ ነበር» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ማጠቤን ልናዘዝ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

በማግስቱ ሥራ መሄዳቸውን አይቼ፣ ያልታጠበ ፖም ልጣጭ በኪሴ ይዤ ቤታቸው ዘው አልኩ። ባለቤታቸው ጠርሙሱን ከፍታ የአረንጓዴ ፖም ልጣጭ ስትከት ደረስኩ። ሁለታችንም ክው አልን።

«አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣህ?»

ኪሴን ገልብጬ አሳየኋት።

«በል ጨምረው፣ ምን ትገተራለህ! ብትነግረው ግን ዓይንህን አያሳየኝ።»

«የስፌት መኪናሽስ?»

«መኝታ ቤትም ትሰፋለች። እሱን እንዲህ ኩምትር ብሎ ማየት ግን አልቻልኩም።»

በሦስተኛው ቀን ቱቦው ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። ሊቀ እርሾ በሬን ሊገነጥሉት ደረሱ። «አላልኩህም? ሲያስብ ነበር!» ብለው አቅፈው አነሱኝ። ከኋላቸው ባለቤታቸው ዓይኗን አፍጥጣብኛለች።

«ሊቅማ ሊቅ ነዎት!» አልኳቸው። ከልቤ ነው። ሁለት ጤነኛ ሰዎችን ልጣጭ አስይዞ እንደ ሌባ የሚያሾልክ ሰው ሊቅ ካልተባለ ማን ሊባል ነው?